ለአሥር ሰከንድ ነጎድጓድ ወይስ ለወራት ጓጓታ? የሕንፃ ማፍረሻ ዘዴዎች በድምፃቸው ሲመዘኑ

ሕንፃ ሊያስፈርስ የተነሣ ሰው ተቋራጩን መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ ቀጥሎ የሚፈጀውን ጊዜ። የድምፁ ጉዳይ የሚነሣው ሥራው ተጀምሮ ጎረቤት አቤት ማለት ሲጀምር ነው። ያኔ ደግሞ ማሽኑ ተከራይቶ፣ ሠራተኛው ገብቶ፣ ዘዴው ተመርጦ አልቋል። እኔ የምመክረው ይህ ቅደም ተከተል እንዲገለበጥ ነው። የማፍረስ ድምፅ ጉልበቱ በየት በኩል እየወጣ እንደሆነ ይናገራል፤ በአየር የሚሄደው መስኮት ያንቀጠቅጣል፣ በመሬት የሚሄደው የጎረቤት ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል፣ በኮንክሪት ውስጥ የሚሄደው ደግሞ እንቅልፍ ይነሣል። ስለዚህ አንድ ዘዴ ምን ያህል እንደሚጮኽ ብቻ ሳይሆን ምን ዓይነት ድምፅ፣ ለስንት ጊዜ፣ በየት በኩል አልፎ ማን ጆሮ ውስጥ እንደሚገባ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በዴሲቤል ቁጥር ላለመታለል

በተቋራጮች ሰነድ ላይ ድምፅ በዴሲቤል ተጽፎ ይመጣል። ዴሲቤል እንደ ኪሎና ሜትር ዝም ብሎ የሚደመር መለኪያ አይደለም። 10 ዴሲቤል ሲጨመር የድምፁ ጉልበት አሥር እጥፍ ያድጋል፤ ለጆሮ ግን በእጥፍ ያህል የጨመረ ይመስለዋል። እኩል የሚጮኹ ሁለት ማሽኖች አብረው ሲሠሩ በአንዱ ድምፅ ላይ የሚጨምሩት 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። በገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ደግሞ ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። ከማሽኑ 10 ሜትር ላይ 90 ዴሲቤል የነበረው ድምፅ 80 ሜትር ላይ ሲደርስ 72 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። አንድ ሰነድ «85 ዴሲቤል» ብሎ በስንት ሜትር ርቀት እንደተለካ ካልጻፈ ምንም አልነገረንም።

ለሠራተኛው ጆሮ ያለው ስሌት ከዚህ ይከብዳል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም በሚሰጠው ምክር መሠረት 85 ዴሲቤል ውስጥ ለ8 ሰዓት መሥራት የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ውስጥ ጆሮን ሳይሸፍኑ መቆየት የሚቻለው ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። በእጅ የሚያዘው ጃክሃመር እዚያ ደረጃ ላይ በቀላሉ ይደርሳል።

ቁጥሩ የማይነግረን ደግሞ የድምፁን ጠባይ ነው። ቀጭን ፉጨት ግድግዳና መስኮት ሲያገኘው ይደክማል፤ ወፍራም ጉርምርምታ ግን ሰንጥቆ ይገባና ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ ይሰማል። ተመሳሳይ የሆነ የሞተር ድምፅ ከጊዜ በኋላ ይለመዳል፤ እየተቆራረጠ የሚመታ ድምፅ ግን አይለመድም። ከሁሉ የሚያስቸግረው በሕንፃው አካል ውስጥ የሚጓዘው ነው። ሁለት ሕንፃዎች ግድግዳ ከተጋሩ አንደኛው ሰባተኛ ፎቅ ላይ የሚመታው መዶሻ በሌላኛው ሁለተኛ ፎቅ የተኛውን ሰው ራስጌው ላይ የሚቀጠቅጥ ይመስለዋል። ይህን ድምፅ ውጭ የተተከለ የድምፅ መከላከያ አጥር አያቆመውም፤ በአየር አልመጣምና።

ፈንጂ፦ ድምፁ አጭር፣ ዝግጅቱ ረጅም

በፈንጂ ማፍረስ ሲባል ብዙ ሰው ሕንፃው የሚበታተነው በፍንዳታው ይመስለዋል። ሕንፃውን የሚጥለው የራሱ ክብደት ነው፤ የፈንጂው ሥራ የተመረጡ ምሰሶዎችን ከሥራ ውጭ ማድረግ ብቻ ነው። ምሰሶዎቹም በአንድ ቅጽበት አይመቱም። በሚሊሰከንድና በሰከንድ የተሰላ መዘግየት እየተሰጣቸው በተራ ይፈነዳሉ፤ ብዙውን ጊዜ የመሃሎቹ ይቀድሙና ዳርና ዳሩ ወደ ውስጥ እየተሳበ ይወድቃል።

በአስተማማኝ ርቀት ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው ድምፆቹን መለየት አይቸግረውም። በመጀመሪያ ሳይረኑ፤ ቀጥሎ ማሽን ሁሉ ስለጠፋ እንግዳ የሆነ ዝምታ። ከዚያ እንደ ተኩስ የሚከታተሉ ስንጥቅ ያሉ ፍንዳታዎች ይመጣሉ። ፍንዳታው አብቅቶ ሕንፃው ምንም እንዳልሆነ የሚቆምበት አንድ አፍታ አለ፤ ልምድ የሌለው ተመልካች ሥራው የከሸፈ ይመስለዋል። ከዚያ ነው ወፍራሙ ጉርምርምታ የሚጀምረው፤ ወለል በወለል ላይ፣ መጨረሻም ክብደቱ በሙሉ መሬት ላይ ሲያርፍ። የመሬቱ ንዝረት አብዛኛው የሚመጣው ከፈንጂው ሳይሆን ከዚህ አወዳደቅ ነው። ስለዚህ ንዝረቱን ለመቀነስ የፈንጂውን መጠን ማሳነስ ብዙም አይረዳም፤ የሚረዳው ሕንፃው በአንድ ጊዜ እንዳይወድቅ፣ ክፍል በክፍል ተራ እየጠበቀ እንዲያርፍ ማድረግ ነው።

ሕንፃው ከምን እንደተሠራም ድምፁን ይለውጠዋል። የአርማታ ምሰሶ ይበሳና ድማሚቱ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ አፉ ይደፈናል፤ ፍንዳታው ኮንክሪቱ ውስጥ ስለሚታፈን ድምፁ ደነዝ ይላል። የብረት ምሰሶ ግን ተበስቶ የሚሞላ ነገር አይደለም። በላዩ ላይ የሚለጠፈው ልዩ ቅርጽ ያለው ፈንጂ የመዳብ ሽፋኑን ወደ ስለት ለውጦ ብረቱን ይቆርጠዋል። ይህ ፈንጂ የሚፈነዳው ገላጣ ላይ ስለሆነ ድምፁ የሰላ ነው፤ የአየር ግፊቱም የጎረቤት መስታወት ላይ ይበረታል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 24 ቀን 1998 በዲትሮይት የፈረሰው የሃድሰን መደብር ሕንፃ የብረት አጽም ነበረው፤ ቁመቱ 134 ሜትር ያህል ሲሆን ከ4,000 በላይ ፈንጂዎች ተጠምደውለታል። ወደቀ፤ ነገር ግን አጠገቡ ያልፍ የነበረውን ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ የባቡር ሐዲድ ጎድቶት ነው።

የፈንጂው መጠን ከቁመት ጋር ብቻ አለመያያዙን ሁለት ምሳሌዎች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 27 ቀን 2020 አቡ ዳቢ ውስጥ ሚና ፕላዛ የሚባሉት ማማዎች በ10 ሰከንድ ሲፈርሱ 165 ሜትር ያህል ቁመት ነበራቸው፤ 915 ኪሎ ግራም ፕላስቲክ ፈንጂ ጥቅም ላይ እንደዋለ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 28 ቀን 2022 ሕንድ ውስጥ ኖይዳ ላይ የፈረሱት መንትያ ሕንፃዎች 100 ሜትር ገደማ ቢሆኑም 3,700 ኪሎ ግራም ያህል ፈንጂ ወስደዋል። የምሰሶው ብዛትና ውፍረት፣ የኮንክሪቱ ጥንካሬ፣ የፈንጂው ዓይነት ሁሉ ይለያያል። በተቋራጮች መካከል «እኔ በትንሽ ፈንጂ እጥለዋለሁ» የሚል ፉክክር ሲነሣ ብዙም ትኩረት አይስጡት።

ትኩረት የሚሻው ከዚያ አሥር ሰከንድ በፊትና በኋላ ያለው ነው። አስቀድሞ መከፋፈያ ግድግዳዎች ይፈርሳሉ፣ በር፣ መስኮትና ቧንቧ ይነቀላል፣ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ የቆየ የግንባታ ዕቃ) ካለ ተለይቶ በጥንቃቄ ይወጣል፣ ምሰሶዎች ይበሳሉ። የመብሻው ጩኸት ብቻውን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ከወደቀም በኋላ ተራራ ያከለው ፍርስራሽ በጃክሃመር ተሰባብሮ፣ ፌሮው ተቆርጦ በገልባጭ መኪና እስኪነሣ ወራት ያልፋሉ፤ ኖይዳም የሆነው ይኸው ነው። «በአሥር ሰከንድ እንገላገላለን» የሚለው ማስታወቂያ የበዓሉን ቀን ብቻ ቆጥሮ የድግሱን ዝግጅትና የዕቃ ማጠቡን ይረሳል።

አደጋውም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1997 በካንቤራ አንድ ሆስፒታል በፈንጂ ሲፈርስ የተወረወረ ፍርስራሽ ሐይቅ ተሻግሮ በመቶዎች ሜትር ርቀት ላይ ቆማ ትመለከት የነበረች የ12 ዓመት ልጅ ገድሏል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዴንማርክ ውስጥ ቮርዲንግቦርግ ከተማ 53 ሜትር ቁመት ያለው የእህል ጎተራ በታሰበው አቅጣጫ በመውደቅ ፈንታ ዞሮ አጠገቡ ባለው የባህል ማዕከልና ቤተ መጻሕፍት ላይ ወድቋል፤ እንደ እድል ሆኖ ሰው አልተጎዳም።

ያለ ፈንጂ የፈንጂውን ውጤት የሚሰጥ ዘዴም አለ። ፈረንሳዮች በመካከለኛ ፎቅ ላይ ያሉትን ተሸካሚ ግድግዳዎች አዳክመው በሃይድሮሊክ ጃክ ይገፏቸዋል፤ የላይኛው ግማሽ በታችኛው ላይ ይወድቅና ሁለቱም ይፈርሳሉ። የሚሰማው የአወዳደቁ ጉርምርምታ ብቻ ነው፤ የፈንጂ ፈቃድም ሆነ ጥበቃ አያስፈልግም። ነገር ግን የሚሠራው ክብደታቸውን ግድግዳ ለሚሸከምላቸው ሕንፃዎች ነው። ምሰሶና ቢም ላይ ለቆመ የአርማታ ወይም የብረት ሕንፃ አይሆንም።

ኳሱ

በክሬን ተንጠልጥሎ የሚወዛወዘው የብረት ኳስ በካርቱን ፊልም ዘንድ አሁንም ንጉሥ ነው፤ በሥራው ዓለም ግን ጡረታ ወጥቷል ማለት ይቻላል። ድምፁ ወፍራምና ዘገምተኛ ነው፤ ድም ይላል፣ ዝም ይላል፣ ቆይቶ ጡብ ይዘንባል። አቧራው ብዙ፣ ልኬቱ ደካማ ነው፤ ኳስ ወዴት እንደሚነጥር ከክሬን ላይ ሆኖ መቆጣጠር ይከብዳል። እ.ኤ.አ. የካቲት 2020 ዳላስ ውስጥ ባለ 11 ፎቅ ሕንፃ በፈንጂ ሲፈርስ የመሃሉ የአሳንሰርና የደረጃ ማማ ዘንበል ብሎ ቀረ። እሱን ለመጣል ሁለት ቶን ተኩል ያህል የሚመዝን ኳስ መጣ፤ ማማው ድብደባውን ለቀናት ችሎ ቆየ፤ ሰዉም እየሄደ እንደ ፒሳው ማማ ደግፎ የያዘ እየመሰለ ፎቶ ይነሣ ጀመር። በመጋቢት መጀመሪያ ወደቀ። ሁለት ዘዴዎች በአንድ ሕንፃ ላይ ተራ በተራ ሲያፍሩ ማየት የተለመደ አይደለም።

ጃክሃመር ወይስ መንጋጋ?

ለአብዛኛው ሕንፃ እውነተኛው ምርጫ ያለው እዚህ ነው፤ በኤክስካቫተር ክንድ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ምንድን ነው?

ትልቁ ጃክሃመር በደቂቃ በመቶዎች ጊዜ ይመታል። ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል፣ የማይሰብረው ነገር የለም። ኦፕሬተሩ ሥራውን ማወቁን ሩቅ ሆኖ በጆሮ መመርመር ይቻላል። መሮው ኮንክሪቱን በደንብ ሲረግጥ ድምፁ የታፈነና ወጥ ነው። ኮንክሪቱ ሊለቅ ሲል ባዶ ጎድጓዳ ነገር እንደሚመታ ዓይነት ይሆናል፤ ጎበዝ ኦፕሬተር ያኔ እጁን ያነሣል። ያልበሰለው ግን መምታቱን ይቀጥላልና መሮው ባዶውን ሲመታ ብረት ከብረት የሚጋጭበት ጆሮ የሚበሳ ቅልጭልጭታ ይሰማል። ይህ ባዶ ምት ማሽኑንም ይገድለዋል። ግማሽ ደቂቃ ያህል አንድ ቦታ ላይ ደብድቦ ካልተሰነጠቀ ቦታ መቀየር ነው እንጂ መሟገት ትርፉ ጩኸትና የጋለ መሮ ነው።

መንጋጋው በሌላ መንገድ ይሠራል። ሁለት ጥርስ ያላቸው የብረት ከንፈሮች ቢሙን ወይም ምሰሶውን ጎርሰው በሃይድሮሊክ ግፊት ያደቁታል። ምት የለውም፤ ስለዚህ በሕንፃው አካል ውስጥ የሚጓዘው ድምፅና ንዝረት በእጅጉ ያነሰ ነው። የሚሰማው የሞተሩ ጉርምርምታ ነው፤ በመካከሉ ኮንክሪቱ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ፌሮው እየተሳበ ያቃስትና ድንገት ይበጠሳል። ከማድቀቁ ይልቅ የሚጮኸው ከላይ የሚወድቀው ቁራጭ ነው። ይህንንም ማቃለል ይቻላል፦ ከሥር የደቀቀ ፍርስራሽ ፍራሽ ሆኖ እንዲቆይ መተው፣ ትልልቁን ቁራጭ ከመልቀቅ ይልቅ ጎርሶ ማውረድ፣ ውኃ እየረጩ አቧራውንም ማስቀመጥ።

ቁመት የመንጋጋው ወሰን ነው። ተራ ኤክስካቫተር ጥቂት ፎቅ ብቻ ይደርሳል። ለማፍረስ የተሠሩት ረጅም ክንድ ያላቸው ማሽኖች ከ20 እስከ 30 ሜትር መድረሳቸው የተለመደ ነው፤ ግዙፎቹ ከ60 ሜትር ያልፋሉ። ሌላው ወሰን ንክሻ ነው። መንጋጋ የሚይዘው ጠርዝ ይፈልጋል፤ መሬት ላይ የተዘረጋ ሶሌታና መሠረት ላይ ግን አፉን የሚያስገባበት አያገኝም። እዚያ ጃክሃመር ግድ ይላል። ስለዚህ ሁለቱን ማጣመር ነው ብልሃቱ፤ ከመሬት በላይ ያለው ሁሉ በመንጋጋ፣ መሠረቱ ደግሞ በተወሰነ ሰዓትና ለጎረቤት በተነገረ ቀን በጃክሃመር። ከላይ እስከ ታች በጃክሃመር እሠራለሁ የሚል ተቋራጭ ሌላ ማሽን የሌለው ተቋራጭ ነው።

በሁለቱም ማሽን ቢሆን የአፈራረስ ቅደም ተከተል ከመሣሪያው ይበልጣል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 2013 ፊላደልፊያ ውስጥ በመፍረስ ላይ የነበረ ሕንፃ ድጋፍ አልባ ሆኖ የቀረ ግድግዳው አጠገቡ ባለ ሱቅ ላይ ወድቆ ሰባት ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ወለሉንና ቢሙን አውጥቶ ግድግዳውን ብቻውን ማቆም ለጊዜው ጸጥተኛ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ የጡብ ግድግዳ ግን ከመውደቁ በፊት የሚያሰማው ማስጠንቀቂያ ላይኖር ይችላል።

ጸጥ ያሉቱ

የአልማዝ ገመድ መጋዝ ኮንክሪትና ፌሮን አንድ ላይ ይቆርጣል። ውኃ እየፈሰሰበት ያለማቋረጥ ያፏጫል፤ ንዝረት ግን የለውም ማለት ይቻላል። ሙሉ ሕንፃ በእሱ ማፍረስ ጊዜም ገንዘብም ይበላል። ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው፤ ከጎረቤት ጋር የተያያዘ ሕንፃ ሲሆን ሌላው ሥራ ከመጀመሩ በፊት መጋጠሚያውን ቆርጦ ክፍተት መፍጠር። ያች ክፍተት ድምፅ በኮንክሪት ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ትቆርጣለች፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማሽን ሁሉ ለጎረቤቱ ይቀልለታል። በጠባብ ቦታ አንድ ገንዘብ ብቻ ማውጣት ቢቻል እኔ ለዚህ አወጣዋለሁ።

የሚያብጥ ዱቄትም አለ። ከኖራ የሚሠራ ሲሆን በውኃ ተበጥብጦ በተበሱ ጉድጓዶች ውስጥ ይፈሳል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ያብጥና ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋዋል። ኮንክሪት ሲጨመቅ ጀግና ነው፤ ሲለጠጥ ግን አቅሙ የዚያ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሆነ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ሲከፈት የሚሰማው ትንሽ ቀጭ የሚል ድምፅ ነው። ሁለት ነገር ግን አይዘንጋ፤ ጉድጓዶቹን የሚበሳው መሣሪያ ይጮኻል፣ ፌሮ የበዛበት አርማታም ተሰነጣጥቆ በፌሮው ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። ድብልቁ አልፎ አልፎ ከጉድጓዱ ወደ ላይ ስለሚፈናጠር አጎንብሶ ማየት ዓይን ያሳጣል።

ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚተፋ ውኃ ንዝረት ሳያመጣ ኮንክሪቱን ልጦ ፌሮውን ሳይጎዳ ይተዋል። ለድልድይ ጥገና የተወደደውም ለዚህ ነው። ጸጥተኛ ነው ብሎ የሚያምን ካለ ግን አጠገቡ ቆሞ ይስማው፤ ጩኸቱ የጄት ሞተር ዘመድ ነው።

ከላይ ወደ ታች፣ ፎቅ በፎቅ

ረጅም ሕንፃ በተጨናነቀ ቦታ ሲቆም መንገዱ ይህ ነው። ትንንሽ ማሽኖችና ከርቀት የሚታዘዙ ሮቦቶች ጣሪያው ላይ ወጥተው አንድ አንድ ፎቅ እያፈረሱ ይወርዳሉ። በኒው ዮርክ 270 ፓርክ አቬኑ ላይ የነበረው 215 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ሕንፃ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያበቃ ድረስ እንዲህ ነው የወረደው፤ ባለቤቱ በፈቃዱ ካስፈረሳቸው ሕንፃዎች ሁሉ ረጅሙ ሆኖ ተመዝግቧል። ጃፓኖች ነገሩን አራቅቀውታል። ቶኪዮ ውስጥ 140 ሜትር ያህል የነበረው የአካሳካ ፕሪንስ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 ሲፈርስ ጣሪያው እንደ ክዳን ተትቶ ዙሪያው ተሸፈነ፤ ሠራተኞች በዚያ ውስጥ ሆነው ሲያፈርሱ ክዳኑ በጃክ ዝቅ ዝቅ እያለ ወረደ። ከውጭ የሚያይ ሰው ሕንፃው ያለ ድምፅ እያጠረ ሲሄድ ነው ያየው። ሌላ የጃፓን ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 በተቃራኒው ከሥር ጀምሮ ሞክሯል፤ ሕንፃውን በጃክ ተሸክሞ የታችኛውን ፎቅ እያፈረሰ ዝቅ ማድረግ። አቧራውና ጩኸቱ ሁልጊዜ መሬት አጠገብ ስለሚሆን ለመሸፈን ይመቻል።

የትኛው ለየትኛው?

ዙሪያው ገላጣ የሆነ፣ እስከ ስድስትና ሰባት ፎቅ ያለው የአርማታ ሕንፃ ከሆነ ረጅም ክንድና መንጋጋ ይበቃል፤ ከዚህ የተራቀቀ ዘዴ ገንዘብ ማባከን ነው። ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የተጋራ ከሆነ አስቀድሞ በመጋዝ መለየት፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች በትንንሽ ማሽን መውረድ። አጠገቡ ሆስፒታል ወይም ትምህርት ቤት ካለ ጃክሃመሩ ለመሠረቱ ብቻ፣ ያውም ሰዓት ተቆርጦለት። ከ20 ፎቅ በላይ ሆኖ ዙሪያው ባዶ መሬት ያለው ሕንፃ ላይ ፈንጂ ሊታሰብ ይችላል፤ ሠራተኛ ከፍታ ላይ ሆኖ ለወራት የሚጋለጥበትን አደጋ ያሳጥራልና። በከተማ መሃል፣ ከሥሩ የውኃና የጋዝ መስመር፣ ከጎኑ ሰው የሚኖርበት ሕንፃ ካለ ግን እኔ ፈንጂን አልመርጥም። ፌሮው ተወጥሮ የተሠራ ኮንክሪት ያለበት ሕንፃ ደግሞ የዘዴ ምርጫው ከመደረጉ በፊት መሐንዲስ ንድፉን ሊያይ ይገባል፤ የተወጠረ ገመድ ሲቆረጥ የሚለቀው ጉልበት ሰው ይገድላል።

ውሉ ላይ የሚጻፈውም ከዘዴው ምርጫ የማይተናነስ ነው። የድምፁ ጣሪያ ከነርቀቱ፣ በየትኛው ሰዓት ምን ማሽን እንደሚሠራ፣ የንዝረት መለኪያ ጎረቤት ሕንፃ ላይ እንደሚተከልና ከጣሪያው ሲያልፍ ሥራ እንዲቆም የሚያዝዘው ማን እንደሆነ ይስፈር። የጀርመኑ ዲአይኤን 4150 መስፈርት በመሠረት ላይ ለሚለካ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ንዝረት ለመኖሪያ ቤቶች 5 ሚሊ ሜትር በሰከንድ፣ ለቅርስና ለስስ ሕንፃዎች 3 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ይላል፤ የራሱ መስፈርት የሌለው አገር ላይ ጥሩ መነሻ ነው። ሥራው ሳይጀመር የጎረቤቶች ግድግዳ ከነነባር ስንጥቁ፣ ቀን ተጽፎበት ፎቶ ይነሣ። ይህ ሁለቱንም ወገን ከፍርድ ቤት ያድናል።

በመጨረሻም ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ፦ ማሽኖቹ ወደ ኋላ ሲሄዱ ምን ዓይነት ማስጠንቀቂያ ያሰማሉ? ያ ጢጥ ጢጥ የሚለው ቀጭን ድምፅ ከሥራ ቦታው ርቆ ይሰማል፤ በበኩሌ ከጃክሃመሩ ይልቅ ያናድደኛል። እንደ ሹክሹክታ ያለ ሰፊ ድምፅ የሚያወጡ ማስጠንቀቂያዎች አሉ፤ አጠገብ ላለው ሰው ከየት አቅጣጫ እንደመጡ በደንብ ይለያሉ፣ ሩቅ ሲሄዱ ግን ቶሎ ይጠፋሉ። መቀየሩም ቀላል ነው፤ ማሽኖቹ ግቢ ሳይገቡ ውሉ ላይ አንድ መስመር ማስገባት ይበቃል።